ከፊሽካ ጋር የተቀቀለ ጥርስ

እትዬ ፊሽካ የሚለውን ስም ያወጡላት አብረዋት የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ስሙ ከፋብሪካው በር ተከትሏት ወጥቶ ሰፈር ገባ፣ ከሰፈር ቤቷ ገባ፣ በመጨረሻም ባሏ ራሱ በዚሁ ይጠራት ጀመር። ሥራዋ ፊሽካ መንፋት ነው። የሚያስቃችሁ ከሆነ ሳቁ፤ እሷ ለምዳዋለች።

ፋብሪካው የፕላስቲክ ፊሽካ ይሠራል፤ ለትራፊክ ፖሊስ፣ ለኳስ ዳኛ፣ ለስፖርት መምህር፣ ለመኪና ማቆሚያ ጠባቂ። ከማሽን የወጣው ሁሉ ገበያ ከመሄዱ በፊት እሷ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። አንስታ በፊት ጥርሶቿ ነከስ ታደርገዋለች፣ አጠር አድርጋ ትነፋዋለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች። በደንብ የጮኸው በአልኮል ተጠርጎ በቀኝዋ ካለው ካርቶን ይገባል፤ የነፈነፈው በግራ። ሌላ ሰው ሁለቱን ልለይ ቢል ራሱን አሞት ይነሳል። እሷ ግን መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ሲነፋ ሰምታ «ይሄ የኔ ነው» ብላ አብሯት የሚሄደውን ሰው ታስደነግጣለች። ያንን ወንበር ትወደዋለች። ሰው ወንበር እንዴት ይወዳል የሚል ካለ፣ ቆሞ ሠርቶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ከወንበሯ ይበልጥ የምትሳሳለት ነገር ደግሞ ቤቷ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ኖሮ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በወጣትነቱ ለቀልድ የተፈጠረ ሰው ነበር። የተዋወቁትም በቀልድ ነው። ፋብሪካው ደጃፍ ጭነት ሲጠብቅ አንድ የማይረባ ቀልድ ቀለደ፣ እሷ አፏን ከፍታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እሱም በዚያው ቀረ። ከተጋቡ በኋላም ከመንገድ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚጀምረው። «እባክህ ተወኝ፣ ጎኔን ወጋኝ» ስትለው፣ «ጥርስሽን ለማየት ብዬ እኮ ነው የምቀልደው» ይላታል። ይህችን ቃል እሱ እንደ ዋዛ ነው የተናገራት። እሷ ግን ልቧ ላይ አሳደረቻት።

ታዲያ ያ ጥርስ በአንድ ክረምት ከዳት። ድዷ አበጠ፣ ደማ፣ የላይኛው ጥርሷ ተራ በተራ ተነቃነቀ። ባሏ ያኔ ድልድይ ፈርሶበት ከነጭነቱ ከወንዝ ማዶ ታግቶ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ የቀረውን ነቅሎ «ሰው ሠራሽ ይሠራልሻል» አላትና ወደ ጥርስ ሠሪው ላካት። ጥርስ ሠሪው «ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ?» ሲላት አላመነታችም፤ ከግድግዳዋ ላይ የእናቷን ፎቶ አውርዳ ይዛለት መጣች። እናቷ የሞተችው እሷ ነፍስ ሳታውቅ ነው፤ ያላት መታሰቢያ ያ ፎቶ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን እጅግ ሩቅ ከምትኖር አክስቷ ተቀብሎ በመኪናው ያመጣላት ባሏ ነው። በፎቶው ላይ ሴትዮዋ ድርድር ያለ ጥርሷን አሳይታ ከልቧ ትስቃለች።

«እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ» አለችው። «የኔም ከእሷ የወረስኩት ነው።»

ጥርስ ሠሪው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ፣ እያየ ሠራው። ሲያስረክባት «ስትተኚ አውጥተሽ ውሃ ውስጥ ትከችዋለሽ» አላት። እሺ አለች። ባሏ ድልድዩ ተጠግኖ ሲመለስ አየት አደረጋትና «አምሮብሻል፤ ወፈር ብለሻል መሰለኝ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጥርስ ሌትም ቀንም ከአፏ አልወጣም፤ ቢወጣም በር ተቆልፎበት፣ ለጥድፊያ እጥበት ነው። ባል አጠገቧ ተኝቶ ጥርሷን ብርጭቆ ውስጥ ማስቀመጥ ለእሷ ራቁቷን ገበያ እንደመውጣት ነበር።

ችግሩ፣ ጥርሱ የተሠራው ለመብላትና ለፊሽካ እንጂ ለሳቅ አልነበረም። አንድ ቀን ገበታ ላይ ባሏ ስለ አንድ ሰካራም ሚዛን ጠባቂ ሲያወራላት ሳቋ አመለጣት፤ የላይኛው ጥርስ ከቦታው ተንሸራቶ ሾርባው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። በመዳፏ አፏን አፈነች፣ በምላሷ ጥርሱን ወደ ቦታው መለሰች፣ ላብ በላብ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ ፈገግ ማለት ለመደች። ባሏም ቀስ በቀስ ቀልዱን ቀነሰ፤ በኋላም ጭራሽ ተወው። እርጅና ነው ብላ ተወችው። ቤታቸው ውስጥ እንደ ልቡ የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ሆነ።

በሽታው የጀመራት ከአፏ ጥግ ነው። የከንፈሯ ሁለት ማዕዘኖች ተሰነጣጠቁ። ቀጥሎ ትኩስ ነገር ምላሷን ያቃጥላት ጀመር፤ የምትበላው ሁሉ ጥጥ ጥጥ አላት። አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ምላሷን ብታወጣ፣ የረጋ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል። በጨርቅ ጠረገችው፤ ተላቀቀ፤ ከሥሩ ደም ያቀረረ ቀይ ሥጋ ብቅ አለ። ባሏ ከበስተኋላዋ ቆሞ አይቶ ኖሮ ጃኬቱን አነሳ። «ብቻዬን እሄዳለሁ» ብትል ማን ሰምቷት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ትሕትናዋ የሚያስጨንቅ። «እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ እማማ» ብላ መብራቷን አበራች። ምላሷን አየች፣ ጉንጯን አየች። ከዚያ «እስቲ አሁን የላይኛውን ጥር...» ብላ ስትጀምር፣ እትዬ ፊሽካ በዓይኗ ወደ ባሏ ጠቀሰቻት። ሐኪሟ አልገባትም። ደግማ ጠቀሰቻት፣ ከፊተኛው አጥብቃ።

«ዓይንዎንም ያምዎታል?» አለች ሐኪሟ መብራቱን ወደ ዓይኗ አዙራ።

«ውሃ ጠማኝ» አለች እትዬ ፊሽካ ለባሏ።

«ይኸው እዚህ ጠርሙስ አለ።»

«ቀዝቃዛ ነው የምፈልገው።»

ባሏ ከወጣ በኋላ ጥርሷን አውጥታ በእጇ ያዘችው። ሐኪሟ ላንቃዋን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ጥርሱ የሚቀመጥበት ቦታ በሙሉ፣ በጥርሱ ቅርፅ ልክ፣ ፍም መስሎ ቀልቷል።

«የአፍ ፈንገስ ነው» አለች። «አይደንግጡ። ይሄ ፈንገስ እኔም አፍ ውስጥ አለ፣ ባልዎም አፍ ውስጥ አለ። ጭምት ነው፣ ጥጉን ይዞ ነው የሚኖረው። ሲመቸው ግን ይባዛል።»

«ምንድን ነው የሚመቸው?»

«ስኳር በሽታ ይመቸዋል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲወሰድ፣ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም፣ አፍ ሲደርቅ ይመቸዋል። ለአስም የሚነፋውን መድኃኒት ወስዶ አፉን የማይጉመጠመጥ ሰውም ይይዘዋል። ሕፃናትንም ይይዛል።»

«እኔ ደግሞ ሕፃንነቱ አልፎኛል።»

«እርስዎን የሚያሰጋዎት ይሄ ነው» አለች ሐኪሟ ጥርሱን እያሳየች። «ሌት ተቀን ካልወጣ ከሥሩ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ምራቅ አያጥበውም። ፈንገሱ ጥርሱም ላይ ይጣበቃል። እንግዲህ ሲተኙ ያወጡታል አይደል?»

«በሚገባ» አለች እትዬ ፊሽካ ዓይኗን ሳታሽ።

ሐኪሟ ጠብታ አዘዘችላት። «ጥርሱን አውጥተው፣ ጠብታውን አፍዎ ውስጥ እያዟዟሩ ቆይተው ነው የሚውጡት። ጥርሱን በብሩሽ ይፈትጉታል፣ ሲተኙ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ግን...» ስትል የባሏ እግር ኮቴ ከኮሪደሩ ተሰማ። እትዬ ፊሽካ ጥርሱን አፏ ውስጥ ወሽቃ ከንፈሯን ገጠመች። ስለ ሙቅ ውሃ የተባለውን አልሰማችም፤ ጆሮዋ ኮቴው ላይ ነበር።

ጠብታውን በታዘዘው መሠረት ወሰደች፤ ጥርሱን ግን አላወጣችም። ነጩ ነገር ሄደ። ጠብታው ሲያልቅ ተመለሰ። እንደገና ሄዳ ተቀበለች፣ እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። ሐኪሟ ግራ ገባት። ስኳሯን አስመረመረች፣ ደሟን አስመረመረች፤ ሁሉም ንጹሕ ሆነ።

«እማማ፣ የማላውቀው ነገር አለ?»

«ምን ይኖራል ልጄ» አለች እትዬ ፊሽካ፤ ውሸቷ ከፈንገሱ ይልቅ አፏን አቃጠላት።

ባሏ ደግሞ በእሷ ጭንቀት እንቅልፍ አጣ። ምን ላድርግላት ብሎ ሲያስብ ሰንብቶ፣ ፋብሪካው ሄዶ እረፍት ሊጠይቅላት ወሰነ። ለዘበኛው «የአፍ ፈንገስ ይዟት ነው፣ እባክህ ለአለቆቿ ንገርልኝ» አለው። ዘበኛው ነገሩን ለማሽን ክፍል ነገረ፣ ማሽን ክፍሉ ለማሸጊያ ክፍል ነገረ፤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደርስ እትዬ ፊሽካ አፍ ውስጥ ነገር በቅሎ፣ ቅጠል አውጥቶ፣ ለማበብ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። በከተማው ያለ ፊሽካ ሁሉ በዚህች ሴት አፍ ያለፈ ነው! የትራፊክ ፖሊሱን አሰበ፤ የኳስ ዳኞቹን አሰበ፤ በትምህርት ቤቶቹ ያሉትን ሕፃናት አሰበና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። አንዱ ሠራተኛ «ሐኪም ብንጠይቅስ?» ቢለው «ለመጠየቅ ጊዜ የለንም!» ብሎ ጮኸበት። በዚያው ቀን ፊሽካ ያለው ሁሉ ይመልስ ተባለ።

በማግስቱ በፋብሪካው በር ላይ የታየው ነገር ለጉድ ነው። ትራፊክ ፖሊሶች ፊሽካቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው ተሰለፉ። ሰልፉ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው እርስ በርስ ይተያያሉ። «ነጭ አለብኝ?» «ወተት ጠጥተሃል?» «ጠጥቻለሁ።» «እንግዲያው እሱ ይሆናል።» አንድ ዳኛ ካለፈው ውድድር ጀምሮ ምላሱን እንደሚበላው ምሎ ተናገረ፤ በዚያ ውድድር የሰጠውን ፍፁም ቅጣት ምትም በፈንገሱ አሳበበ። መንታ መንገዶቹ ያለ ትራፊክ ዋሉ፤ መኪናው ሁሉ ተቆላለፈ።

ሥራ አስኪያጁ እትዬ ፊሽካን አስጠራና ከበሩ ሳያልፍ፣ እሷንም ሳያስቀርብ አናገራት።

«እትዬ፣ ማንም አያባርርዎትም። ግን አፍዎ እስኪድን ፊሽካ አይነኩም። ካልዳነ ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው እናስቀምጣለን።»

እሷ ወንበሯን በመስታወቱ በኩል አየችው፤ የልብስ መስቀያ አድርገውታል፣ የሰው ካፖርት ተንጠልጥሎበታል። ጥርሱን ብታወጣ አፏ ይድናል፣ ወንበሯም ይመለሳል። ብታወጣ ግን ባሏ ያያታል። ሁለቱን እያመዛዘነች ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቆመች።

ግቢው መሃል ከሠራተኞች ክበብ የመጣው ትልቁ ድስት ተጥዷል፤ ምሳ ቀርቷል። ሥራ አስኪያጁ ፊሽካው ሁሉ እንዲቀቀል አዟል። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው ፊሽካ እየተገለባበጠ ይንተከተካል፤ የክበቡ ወጥ ቤት በትልቅ ጭልፋ ታማስለዋለች።

«እስከ መቼ ነው የምቀቅለው?» አለች ወጥ ቤቷ።

«እስኪበስል!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እሷም ከልማድ የተነሳ በጭልፋዋ ቀድታ፣ እፍ እፍ ብላ፣ ልትቀምሰው አፏ ጋ ካደረሰች በኋላ ነው ደንግጣ የመለሰችው።

ለእትዬ ፊሽካ ሐሳብ የመጣላት ያኔ ነው። ፈንገሱ ጥርሱም ላይ ይጣበቃል ተብሏል። ፊሽካውን ቀቅሎ ማጽዳት ከተቻለ ጥርሱን ማን ከለከለው? አንዴ አፍልታ ፈንገሱን ከሥሩ ከነቀለችው፣ ከዚያ በኋላ ሲተኙ ማውጣት የሚባል ጣጣ አይኖርም፤ ባልም አያይ፣ ወንበርም አይቀር። መታጠቢያ ቤት ገብታ ጥርሷን አወጣች፣ በመሐረብ ቋጠረችው፣ ወጥ ቤቷ እንጨት ልታመጣ ዞር ስትል ከፊሽካዎቹ መሃል ጣለችው። ቆይታ በጭልፋ አወጣችው። ድስቱ አጠገብ ማንም ዝር አይልም ነበርና ያያት የለም።

መታጠቢያ ቤት ተመልሳ መሐረቡን ስትፈታው ጥርሱ አኩርፎ አገኘችው። በግራ በኩል ወደ ላይ ተጣሟል፣ በቀኝ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። አፏ ውስጥ ብታስገባው ምላሷን ነከሳት። በግድ ልታስተካክለው ስትሞክር ቀጭ አለ። አወጣችውና መስታወቱን አየች። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ የላይኛው ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሻሿን ፈትታ ከአፍንጫዋ በታች ጠመጠመችው።

ስትወጣ ፊሽካዎቹ ተጨልፈው፣ ጨርቅ ላይ ተሰጥተው ለባለቤቶቻቸው እየታደሉ ነበር። አንድም ሰው ነፍቶ አልሞከራቸውም። መሞከሩ የእሷ ሥራ ነው፤ እሷ ደግሞ ተከልክላለች። ሌላው ሁሉ አፉን ፈርቷል። «ተቀቅሎ የበሰለ ነገር ምን ይሞከራል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ኮርቶ።

እትዬ ፊሽካ ቤቷ ገብታ ዝም አለች። ያለ ጥርስ ብትናገር ድምፅዋ እንደሚያሳጣት ታውቃለችና ከንፈሯን አላላቀቀችም። ምግቧን ማድ ቤት ብቻዋን እያላመጠች፣ ጠብታዋን እዚያው እየወሰደች፣ ሻሿን እንደጠመጠመች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እየተኛች ሰነበተች።

ባሏ አኮረፈችኝ አለ። ምክንያቱንም አላጣውም። «ለዘበኛው የነገርኩት ለበጎ ነው» አለ። «ወንበርሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።» በራሷ አይደለም የሚል ምልክት ሰጠችው። ካልሆነ ምንድን ነው? አሰበ። ከዚህ የባሰ ያደረገውን ነገር ወደ ኋላ እየሄደ ፈለገ፤ አገኘም። ካገኘ በኋላ ምግብ አልበላለት አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል። እሱ የሬዲዮ ኳስ ይሰማል፣ እሷ ሻሿን ጠምጥማ ትሰፋለች። ጋዜጠኛው ተጫዋቾቹን አስተዋውቆ፣ ስታዲየሙ መሙላቱን ተናግሮ፣ «እነሆ ዳኛው ሊያስጀምሩ ነው» አለ። ከዚያ ከሬዲዮው ውስጥ «እምቧ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ይቅርታ አድማጮቻችን» አለ ጋዜጠኛው። «ሜዳ ውስጥ ጥጃ የገባ ይመስላል።»

የእትዬ ፊሽካ መርፌ ቆመ።

«ጥጃው አይታየኝም... ተጫዋቾቹም እየፈለጉት ነው... ተከላካዩ ኳሱን በእጁ ይዞ ዙሪያውን ይመለከታል፣ ይሄ እንኳ ጥፋት ነው። ዳኛው ሊነፉ ነው...» እምቧ! «አድማጮቻችን፣ ዳኛው ናቸው! ጥጃው ዳኛው ናቸው!»

እሷ በድምፁ ብቻ ሁሉንም ነገር አየችው፤ በፈላ ውሃ የተጣመመውን ፊሽካ፣ ውስጡ መሽከርከር ትታ የተጣበቀችውን ትንሽ ኳስ፣ ሥራ አስኪያጁን። ሳቋ ከሆዷ ተነሳ። ሻሿን በሁለት እጇ አፏ ላይ ጫነችው፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ባሏ ዞር ሲል ያየው ይህንን ነው፤ ሚስቱ እየተንሰቀሰቀች።

ተነሳና ፊቷ ቆመ። «አውቀሽዋል አይደል?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ፎቶውን።»

እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ አየችው።

«አክስትሽ የሰጠችኝን ፎቶ ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጬ ሻይ ልጠጣ ወረድኩ። ስመለስ ረሳሁትና ተቀመጥኩበት። መስታወቱ ደቀቀ። እንደገና እንዳልቀመጥበት ብዬ ዳሽቦርዱ ላይ አቆምኩት፤ ያ መስኮት አልዘጋም ይል እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ዝናብ ገባና ፊቷን አጠበው። ባዶ እጄን ልምጣ? ዕድሜሽን ሙሉ የጠበቅሽውን ነገር! አንድ ፎቶ ቤት መስኮት ላይ ይህቺ ሴት ትስቃለች፤ ሳቋ ያንቺን መሰለኝ። ባለ ፎቶ ቤቱን ማን ናት ብለው ‹እኔ ምን አውቃለሁ፣ ፍሬሙን ስገዛ አብራ ነበረች› አለኝ። እናትሽ አይደለችም። ማንም አታውቃትም።»

እትዬ ፊሽካ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሴት አየች። ስንት ዓመት ማለዳ ማለዳ ሰላም ብላታለች። ጎረቤት ሁሉ «ቁርጥ እናትሽን» ብሏል። ለጥርስ ሠሪው አሳይታ «ከእሷ የወረስኩት ነው» ብላለች። ከፍሬም ጋር የተሸጠች የማትታወቅ ሴት ጥርስ አፏ ውስጥ ይዛ ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ስትደብቅ ኖራለች፤ እሱንም ቀቅላዋለች! ከሬዲዮው «እምቧ» ተሰማ። ከዚህ በላይ የሚችል ሰው የለም። እጇ ላላ፣ ሻሹ ወረደ፣ አፏን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ባዶ ድዷን አሳይታ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ባሏ አፏ ውስጥ እያየ ደርቆ ቀረ።

«ጥርስሽስ?»

«ተቀቀለ» አለች፣ ንፋስ በሚያወጣ ድምፅ።

«ምን?»

«ከፊሽካው ጋር።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ክረምቱን፣ ድልድዩን፣ ጥርስ ሠሪውን፣ ሾርባውን፣ ለሐኪሟ የዋሸችውን። እሱ ግን እንደጠበቀችው አልሳቀም፤ አልተጸየፈም። ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ቆይ፣ መሳቅ ያቆምሽው በጥርሱ ምክንያት ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ቀልዴ ሰለቻት፣ አስጠላኋት ብዬ ነው የተውኩት» አለ። «ስንት ዓመት ሙሉ፣ እንደማላስቅ ሰው ኖርኩ።»

 ለዚያ ጥርስ ስትል ሰውየውን አስርባው ኖራለች፤ ያውም በገዛ ቤቱ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። እጁን ያዘችው። 

እሱ ተነሳና ከጓዳ የመኪናውን የመፍቻ ሣጥን አመጣ። ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ሰጣት። እውነተኛው ፎቶ ነው፤ መጣል አልቻለም ነበር። ግንባሯና ዓይኖቿ ደህና ናቸው፤ ከአፍንጫዋ በታች ዝናቡ አጥቦት ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። ዓይኖቹ የእሷው ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት በመስታወት ያየቻቸው። አሁን ከምሯ አለቀሰች።

«አፏስ?» አለች።

«አፏን ዝናብ ወሰደው።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በሳምንቱ ሐኪሟ አፏን አይታ እጇን አጨበጨበች። ላንቃዋ ጠርቷል፣ ማዕዘኖቹ ገጥመዋል። «አሁን ገና በትክክል ያዙት! ምን አደረጉ?» አለቻት። «ጥርሴን ቀቀልኩት» አለች እትዬ ፊሽካ። ሐኪሟ ስለ ሙቅ ውሃ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ያን ቀን ጨረሰችላት። ለሥራ አስኪያጁም ደውላ ፈንገሱ ጤነኛ ሰው ላይ በፊሽካ ተሳፍሮ እንደማይዘምት፣ ትራፊክ ፖሊሶቹም ምላሳቸውን እንዲያስገቡ አስረዳችው። እሱ ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ በየመንታ መንገዱ እምቧ ሲል ሰንብቶ ነበርና ወንበሯን ራሱ ጠርጎ ጠበቃት። ካፖርቱም ተነሳ። አሁን በእግር የሚረገጥ መንፊያ ገዝተውላታል፤ ፊሽካ ወደ አፍ አይገባም፣ እሷ ረግጣ ትሰማለች። ትንሽ ከፍቷት ነበር፤ ለመደችው።

ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ አንዷ ያለ አፍ፣ አንዷ ያለ ስም። አዲሱ ጥርስ በብሩሽ ተፈትጎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላው ብርጭቆ ውስጥ፣ ከሁለቱ ሥር ያድራል። ባሏ በየማለዳው ከአልጋው ወርዶ ብርጭቆው ፊት ይቆማል፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል።

«እንደምን አደሩ አማቴ? ብርዱ አልጎዳዎትም?»

እሷ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና በባዶ ድዷ መሳቅ ትጀምራለች። ጥርሷን ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ ብርጭቆውን ወደ ራሱ ይስበዋል።

«ቆይ» ይላታል፣ «ገና አልጨረስኩም።»